የማንኳኳት ደቦ

የምተርክላችሁ ነገር የሆነው ጉም በማይገፈፍበት አገር ነው። የአገሩን ስም አልጠራም፤ ብጠራውም ከሩቅ አይታይም። እዚያ ተወልዶ ያደገ ሰው የጎረቤቱን ፊት በሳሉ፣ የሚስቱን ቁጣ በኮቴዋ፣ የገዛ እጁን በዳሰሳ ይለያል። ፀሐይ መኖሯን የምናምነው የታጠበ ልብስ ስለሚደርቅ ነበር፤ በክረምት ወራት ግን ይህም እምነት ይላላል።

እንዲህ ባለ አገር ቤት መሥራት ቀላል ነው፤ ጭንቁ የተሠራውን ቤት ማግኘት ነው። ስለዚህ ገበጣ የሚያጫውቱ ቤቶች ሁሉ በየጣራቸው ላይ መለከት ያስነፉ ነበር። የእያንዳንዱ ቤት ዜማ ለብቻው ነው፤ አንዱ እንደ ፍየል ይንቀጠቀጣል፣ ሌላው እንደ መርዶ ይረዝማል። ጨዋታ ያማረው ሰው ከደጁ ወጥቶ ጆሮውን ያቀናል፤ ከዜማዎቹ የወደደውን ይመርጣል፤ ድምፁ እየጎላ በሚሄድበት በኩል ይራመዳል። አፍንጫው ግድግዳ ሲነካ ደርሷል ማለት ነው።

ሲደርስ ያንኳኳል። በረኛው ይከፍትና «ማን ልበል?» ይላል። እንግዳው «እኔው ነኝ» ይላል። በረኛው «ይግቡ» ይላል። የሥርዓቱ እምብርት ከዚህ በኋላ ያለው ነው፤ እንግዳው ከውስጥ ሆኖ «ገብቻለሁ» እስኪል ድረስ በረኛው በሩን ወለል አድርጎ ይዞ ይቆማል። የሰውን መግባት በዓይን ማረጋገጥ አይቻልምና፤ በእንግዳ ግንባር ላይ በር መዝጋት ደግሞ በዚያ አገር ከሌብነት የከፋ ነውር ነው። አባቶቻችን ይህን ሲደነግጉ «እኔው ነኝ» ብሎ የማይገባ ፍጡር ይኖራል ብለው አልጠረጠሩም። በብዙ ነገር ብልሆች ነበሩ፤ ይህንን ግን አላሰቡትም።

እኔ ከንባብ የተረፈኝን ጊዜ የማሳልፈው በወይዘሮ እንግዳሸት ቤት ነበር። ቤቱ ከከተማው ዳር፣ ከገደሉ አፋፍ ወደዚህ ያለ የመጨረሻው ቤት ነው። ምድጃው ቀኑን ሙሉ ስለሚነድ ጉሙ ከደጅ ይቀራል፤ በውስጥ ሰው ሰውን ያያል፣ ጠጠሩም ከጉድጓዱ ጥርት ብሎ ይታያል። ወይዘሮ እንግዳሸት ረጅም፣ ቀጠን ያሉ፣ ሲጫወቱ የማይናገሩ፣ ሲያሸንፉ ደግሞ ይቅርታ የሚጠይቁ ሴት ናቸው። ይቅርታቸው ከሽንፈቱ ይልቅ ያማል።

በየወሩ መባቻ ከገደሉ ማዶ የሚመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ አባባ ይርዳው እንላቸዋለን። መንደራቸውን ማናችንም አናውቅም፤ ዘመድ የላቸውም፣ አገናኝም አልነበራቸውም። አንድ ቀን መለከቱን ሰምተው መጡ፤ ከዚያ ወዲህ አልቀሩም። ከወይዘሮ እንግዳሸት ጋር የጀመሩት ጨዋታ ለዓመታት አላለቀም። ሽማግሌው ሲሄዱ ገበጣው እንዳለ በነጠላ ይሸፈናል፤ በተመለሱ ጊዜ ይገለጣል። በገደሉ አፋፍ የሚያልፈው መንገድ የአንድ ሰው ትከሻ ያህል ብቻ ስለሚሰፋ «እንዴት ይደፍሩታል?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

«ምን እደፍረዋለሁ ልጄ፤ መለከቱን ይዤ እመጣለሁ። ገመድ ማለት ነው። የሚጎትተኝ እስካለ ድረስ እግሬ የት እንደሚያርፍ ያውቃል» አሉኝ።

ነገሩ የተበላሸው በአንድ ሽንፈት ነው። ግዛቸው የሚባል፣ በታችኛው ሰፈር እሱን የሚረታ የለም የሚባልለት ሰው፣ ወይዘሮ እንግዳሸት ዘንድ መጥቶ ተጫወተና ጉድጓዶቹ ባዶ ቀሩበት። ወይዘሮ እንግዳሸትም እንደ ልማዳቸው ይቅርታ ጠየቁት። ከጎኔ የነበረ አንድ ተጫዋች «ኧረ ግዛቸው፣ ጠጠር አጥተህ እንዳትቸገር ከወንዙ ላምጣልህ?» አለው፤ ቤቱ ሳቀ። ግዛቸው አልተቆጣም። ጋቢውን አስተካክሎ «ገብቻለሁ ያልኩበትን ቀን እረግማለሁ» ብሎ ወጣ።

በሳምንቱ ማንኳኳት ተጀመረ። በረኛችን ጥሩነህ ከፍቶ «ማን ልበል?» ይላል፤ «እኔው ነኝ» ይባላል፤ «ይግቡ» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ዝምታ ነው። ጥሩነህ በሩን ይዞ ይጠብቃል። ሥርዓቱን ጠንቅቆ የሚያከብር ሰው ስለሆነ ለረጅም ጊዜ ይጠብቃል። ተስፋ ቆርጦ ሊዘጋ ሲል ሌላው ያንኳኳል። በሩ በዚህ ሁኔታ ከጠዋት እስከ ማታ ተከፍቶ መዋል ጀመረ፤ እውነተኛው እንግዳ ከአንኳኪዎቹ ኋላ ተሰልፎ ይደክመውና ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ጉሙ ገባ። መጀመሪያ ከምድጃው በላይ ተንጠለጠለ፣ ቀጥሎ ወንበሩን ዋጠ፣ በመጨረሻም ገበጣውን ሸፈነው። ከጎኔ ይጫወቱ የነበሩ ጥንዶችና ከእነሱ ቀጥሎ የነበሩት ጥንዶች ሳያውቁት ጠጠር ተለዋውጠው ቆይተዋል፤ ከአራቱ አንዱ አሸንፏል፣ የትኛው እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አልተወሰነም። የጥሩነህ ቀኝ ክንድ በሩን ከመያዝ ብዛት ወደ ጎን እንደተዘረጋ ቀረ። ሲተኛም አይታጠፍም ትላለች ሚስቱ፤ «እንግዳ የሚቀበል ይመስላል፤ በአልጋዬ ላይ ማንን እንደሚጠብቅ እንጃ!»

ከሰዓት በኋላ አንድ ቀን ጉጉቴ አላስቀምጥ ስላለኝ ከበሩ ጎን ግድግዳው ላይ ተለጥፌ ቆምኩ። ኮቴ መጣ፣ ተንኳኳ፣ ጥሩነህ ጠየቀ፣ «እኔው ነኝ» ተባለ። መላሹ ሊዞር ሲል ክንዱን ለቀም አደረግሁት። የሥራ ሰው ክንድ ነበር።

«ወዴት ነው? ይግቡ ተብለሃል እኮ» አልኩት።

«ይልቀቁኝ ጋሼ፤ ከኋላዬ ወረፋ አለ።»

«የምን ወረፋ?»

«የማንኳኳት ነዋ! ደቦ ላይ ነን።»

በአገራችን ደቦ የሚጠራው ለአጨዳ፣ ለጣራ ክዳን፣ ወፍጮ ከቦታ ቦታ ለማዛወር ነው። የተጠራ ይመጣል፤ ጠሪው ጠላና ቆሎ ያቀርባል፤ ሥራው ያልቃል። ለማንኳኳት ደቦ ሲጠራ ግን ሰምቼ አላውቅም ነበር።

«ማነው የጠራህ?»

«አጎቴ ግዛቸው። መንበሩ እባላለሁ፤ የእህቱ ልጅ ነኝ።»

«ለምን እንደምታንኳኳስ ነግሮሃል?»

«ደቦ ተጠርቶ ለምን ይባላል እንዴ?» አለኝ፤ ድምፁ ውስጥ እውነተኛ መገረም ነበረበት። «አምና እጨዱ አለን፣ አጨድን። ዘንድሮ አንኳኩ አለን፣ አንኳኳን። ማንኳኳቱ እንኳ ወገብ አይጎዳም።»

«ይህ የምን ቤት እንደሆነ ታውቃለህ?»

«ቤት?» አለ፤ ትንሽ አሰበና «እኔ የማውቀው በሩን ነው» አለኝ።

ከኋላው አንድ ጎርናና ድምፅ «መንበሩ! ወሬህን ጠላው ጋ ታወራለህ፤ ሥራ አታስፈታን!» ብሎ ጮኸ። ክንዱን ለቀቅሁት። ሳስበው የከነከነኝ ይህ ነው፤ በዚያ ወረፋ ውስጥ በእኛ ላይ ቂም የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ቤቱ ጠላ እየጠመቀ ነበር።

የወይዘሮ እንግዳሸት ክስ ለአቅጣጫ ሹሙ ደረሰ። የአቅጣጫ ሹም ማለት በዚያ አገር ማን የት እንዳለ የማወቅ ኃላፊነት የተሰጠው ባለሥልጣን ነው፤ በጉም ምክንያት ሥራውን የሚሠራው በግምት ነው። የጊዜው ሹም ደርበው ይባላሉ፤ ድምፃቸው ለስላሳ፣ ምክንያታቸው ክብ ነበር፤ ከየትም ቢጀምሩ ወደጀመሩበት ይመለሳሉ። ከአዳራሹ ሰበሰቡን።

«አንኳኪዎቹ ቤቱን በምን አገኙት?» ሲሉ ጠየቁ።

«በመለከት» ተባለ።

«እንግዲያው አንኳኪዎቹን የጠራቸው መለከቱ ነው። ጥፋቱ የጠሪው ነው፤ በጥሪው የመጣውን መክሰስ ከጨዋነት ይወጣል። የጨዋታ ቤት ሁሉ መለከቱን ያውርድ።»

ወይዘሮ እንግዳሸት ተነሡ። «ክቡር ሹም፣ መለከቱ ከወረደ እንግዳ በምን ይመጣል?»

«የሚያውቁትን እንግዳ ሰው ልከው ያስጠሩታል።»

«የማላውቀውንስ?»

«የማያውቁት እንግዳ ምን ያደርግልዎታል እመቤቴ?»

«የማውቀውማ አጨዋወቱንም አውቀዋለሁ። ከእሱ ጋር ምኑን ተጫወትኩት?»

አዳራሹ አጉረመረመ። ያን ጊዜ ጥሩነህ፣ ያልጠበቅሁት ሰው፣ ከበስተኋላዬ ተናገረ። «እትዬ እንግዳሸት፣ ልድፈርዎትና ልናገር። እርስዎ መለከት ሲያስነፉ እዚያ በር ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። ክንዴን ይዳስሱት! የማይታወቅ እንግዳ መልካም ነው ይላሉ፤ የማይታወቀው መልካም ይሁን ክፉ ቀድሞ የሚያውቀው ግን የኔ ክንድ ነው። ቤታችን አይታወቅ፤ ትንሽ ይረፍ።»

እኔም ተጠይቄ ነበር፤ ብዙ እንዳነበበ ሰው ተቆጥሬ። መለከት የሌለው ቤት መቃብር እንደሚመስል፣ መለከት ያለው ቤትም ገበያ እንደሚሆን ተናገርኩ። ሹሙ አመሰገኑኝና «ሁለታችንንም ደግፈዋል» አሉ። እውነትም ደግፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያን ንግግሬን ሳስታውስ ሻይ ይቀዘቅዝብኛል።

አዋጁ ወጣ። መለከት የነፋ ቤት በሩ ይነቀላል። እንግዳ ወደ ጨዋታ ቤት መሄድ ቢሻ ለአቅጣጫ ጽሕፈት ቤት አመልክቶ መሪ ይታዘዝለታል፤ መሪውም የቤቱ ቦታ እንዳይታወቅ የእንግዳውን ዓይን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኖ ይወስደዋል። በጉም ውስጥ ዓይን መሸፈን ምን እንደሚጨምር አንድ መሪ ጠየቅሁት። «ምሥጢርነቱን» አለኝ። መሪዎቹ ራሳቸውም እንዳያውቁ የተሸፈኑ ነበሩ፤ ከእነሱም አንዳንዶቹ እንግዳውን ይዘው በግ ቤት ገብተዋል፤ እንግዳውም «ገብቻለሁ» ብሏል።

ከተማው ዝም አለ። አንኳኪዎቹ ግን አልቀሩም፤ መንገዱን በእግራቸው ሸምድደውት ነበር። መለከቱ ሲወርድ ቤቱን የረሱት ያልሸመደዱት ብቻ ናቸው፣ ማለትም እንግዶቹ። ይባስ ብሎም በዚያ ዝምታ ውስጥ ከሩቅ የሚሰማው ብቸኛ ድምፅ ማንኳኳቱ ስለሆነ ጥቂት ጨዋታ የናፈቃቸው ሰዎች ያንን ተከትለው መምጣት ጀመሩ። «ብዙ የሚንኳኳበት ቤት ጥሩ ቤት ነው» የሚል አባባልም ያን ሰሞን ተወለደ። ደረሱና ወረፋ ያዙ፤ ወረፋው የምን እንደሆነ ስላላወቁ ተራቸው ሲደርስ እነሱም አንኳኩተው ዞሩ።

የወር መባቻ መጣ። ወይዘሮ እንግዳሸት ጠዋት ነጠላውን ከገበጣው ላይ ገለጡ። ማንኳኳት ከገደሉ ማዶ አይሰማም፤ ያን የሚሻገረው መለከት ብቻ ነው። ሽማግሌው ከመንደራቸው በማለዳ እንደሚነሡ፣ የመንገዱንም ግማሽ ጆሯቸውን አቅንተው እንደሚሄዱ ሁላችንም እናውቅ ነበር። በአፋፉ ላይ ሲደርሱ ምንም ካልሰሙ ምን እንደሚያደርጉ ግን ማናችንም አናውቅም። ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሮጬ መሪ ጠየቅሁ።

«እንግዳው የየት ሰው ነው?» አለኝ ጸሐፊው።

«ከገደሉ ማዶ።»

«ከወሰናችን ውጭ እንግዳ የለም።»

«አሁን በመንገድ ላይ ናቸው እኮ!»

«መንገድ ላይ ያለ ሰው ገና እንግዳ አይደለም ወንድሜ፤ መንገደኛ ነው። ሲደርስ ያመልክት።»

ስመለስ ቀትር አልፏል። ወይዘሮ እንግዳሸት መለከቱን ከግድግዳው አውርደው በጉልበታቸው ላይ አኑረውታል። ጥሩነህ በተዘረጋ ክንዱ በሩን እንደያዘ ፊቱን ወደ እሳቸው መለሰ።

«እትዬ፣ አያድርጉት። በሩን ይነቅሉታል።»

«ይንቀሉት።»

«በር የሌለው ቤት ምን ሊባል ነው?»

«እኔ እንጃ ጥሩነህ። ሰው ገደል የጨመረ ቤት ምን እንደሚባል ግን አውቃለሁ።»

በመሰላሉ ወጡ። ነፉ። ሁለት ረጃጅም፣ አንድ በመሐሉ የሚሰበር፤ ለሳምንታት ያልሰማሁት ዜማ። አንኳኪዎቹ ለጊዜው እጃቸውን ገቱ። ከገደሉ በኩል መልስ የለም። ደግመው ነፉ። ሴትየዋ የመለከት ሰው አልነበሩም፤ የድሮው ነፊያቸው በአዋጁ ሰሞን ወደ ንብ ማነብ ገብቶ ነበር። ትንፋሻቸው ሲያጥር ዜማው ከሦስተኛው ላይ እየተሰበረ መቅረት ጀመረ፤ ኋላም የአየር ፉጨት ብቻ ሆነ።

ያን ጊዜ ጥሩነህ በሩን ለቀቀ። በሩ ተከፍቶ ማንም ሳይዘው ሲወዛወዝ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። መሰላሉን በአንድ እጁ ወጣ፤ «ወዲህ ይስጡኝ፣ ይህችን እንኳ የሚታጠፈው ክንዴ ይችላታል» አለና ነፋ። በረኛ ሆኖ ሲጮኽ የኖረ ሰው ሳንባ ስለነበረው ጣራው ተንቀጠቀጠ።

ከጉሙ ውስጥ፣ ከመንገዱ በኩል ሳይሆን ከመንገዱ በታች፣ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«ዘገያችሁሳ! አንዴ ድገሙልኝ፤ እግሬ ሥር ድንጋይ የለም።»

ወይዘሮ እንግዳሸት አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ጥሩነህ ነፋ። እኔ ወደ ገደሉ ልሮጥ ብዬ የት እንደሆነ አላወቅሁም፤ ከኔ ቀድሞ ግን ከወረፋው አንድ ሰው ተነጥሎ ሲሮጥ ሰማሁ። ወረፋው እስከ አፋፉ ይደርስ ነበርና ያን መንገድ በእግሩ የሸመደደው እሱ ነው፤ ለወራት ሲመላለስበት ከርሟል። «ዱላዎን ይስጡኝ አባባ! ወደኔ! ወደኔ ነው ያልኩት፣ ወዴት ይሄዳሉ!» ሲል ድምፁን ለየሁት። መንበሩ ነበር። ከወረፋው ሌላ ሰው «ደቦውን ጥለህ?» ብሎ ቢጮኽበት «ይህም ደቦ ነው፣ ዝም ብለህ ጋቢዬን ያዝ!» ሲል መለሰ።

አባባ ይርዳው ጉልበታቸው ተልጦ፣ አንድ ጫማቸው ቀርቶ በመንበሩ ትከሻ ተደግፈው መጡ። በቤቱ ፊት ሲደርሱ ግን የደረሱት ብቻቸውን አልነበረም። መለከቱን የሰማ ሁሉ መጥቷል፤ ጨዋታ የናፈቃቸው፣ በግ ቤት የተረሱ እንግዶች፣ ከኋላቸውም ሹም ደርበው ከበር ነቃዮቻቸው ጋር።

«ቤቱን ፈልገን አጥተነው ነበር» አሉ ሹሙ እየተነፈሱ። «መልካም ጊዜ ነፋችሁ።»

በሩ ተነቀለ። ነቃዮቹ ለሥራው የሚገባውን ክብር ሰጥተው፣ መጀመሪያ አንኳኩተው፣ ጥሩነህም ከጣራ ላይ ሆኖ «ማን ልበል?» ብሎ፣ «እኛው ነን» ተብሎ ነው የተነቀለው። ተሸክመውት ሲሄዱ አንኳኪዎቹ ወደ ቦታው ተጠጉ። የመጀመሪያው እጁን አነሣ፤ እጁ በአየር ላይ ቀረ። ሁለተኛውም እንዲሁ። «የት ላይ ነው የምንመታው?» አለ አንዱ። ግዛቸውን ጠይቁት ተባለ፤ ግዛቸው ግን ሩቅ ነበር፤ ጠላው ዘንድ። ቀስ በቀስ፣ ከኋላ የሚገፋው ስለበዛ፣ ገቡ። «ገብቻለሁ» ያለ የለም፤ ለማን ይባላል?

ሹም ደርበው ጉዳዩን በዚያው በቆሙበት መረመሩት። አዋጁ የሚለው «መለከት የነፋ ቤት በሩ ይነቀላል» ነው፤ በር የሌለው ቤት ከዚህ በኋላ ቢነፋ የሚነቀልበት ነገር የለም፤ ስለዚህ ቅጣቱ ተፈጽሟል፣ ወንጀሉም አብሮት አልቋል። ይህን ተናግረው ወደ ቤታቸው ለመሄድ የትኛው አቅጣጫ እንደሆነ ጠየቁ።

በውስጥ ጉሙ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሞልቷል። ምድጃው የቀላ ነጠብጣብ ብቻ መስሎ ይታያል። ቤቱ ይቀዘቅዛል፤ ነገም ይቀዘቅዛል፤ ማን እንደገባና ምን ይዞ እንደሚወጣ የሚያውቅ የለም። ከሰው ብዛት የተነሣ የማን ትንፋሽ አንገቴን እንደሚያሞቀው አላውቅም። ጥሩነህ ከጣራ ወርዶ አጠገቤ ተቀምጧል፤ የተዘረጋው ክንዱ ደረቴን ይጫነኛል። አባባ ይርዳው በመዳሰስ ከቦታቸው ተቀመጡ፤ ወይዘሮ እንግዳሸት ከፊታቸው። የሽማግሌው ጣቶች በጉድጓዶቹ ውስጥ አንድ በአንድ ሲዞሩ፣ ጠጠሮቹ ሲንኳኩ ይሰማኛል። ከዚያ ቆሙ።

«እንግዳሸት» አሉ።

«አቤት አባባ።»

«አንድ ጠጠር ጎድሏል።»

ጥሩነህ በጆሮዬ «አላልኩም?» ብሎ አንሾካሾከ። ዓመታት የፈጀው ጨዋታ በአንዲት ጠጠር ሊፈርስ እንደሚችል የማያውቅ ተጫዋች በዚያ ቤት አልነበረም። እኔም ምን እንደምል ሳስብ፣ በሩ ከነበረበት በኩል፣ የማላውቀው የጎልማሳ ድምፅ መጣ።

«እኔ ጋ ናት» አለ። «ይህን ሁሉ ጊዜ ከውጭ ሆኜ ስትንኳኳ እሰማት ነበር። ምን እንደሆነች ልዳስሳት ብዬ ነው።»

ወይዘሮ እንግዳሸት ፊታቸውን ወደ ድምፁ መለሱ።

«ዳስሰህ ስትጨርስ መልሳት» አሉ። «ተራው የሳቸው ነው።»